አሮጌ ኮምፒውተር የሲኤንሲ ማሽን ሊመራ ይችላል?

የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እአአ በ2002 “ትንሿ ኢትዮጵያ” ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ክፍል የሚያልፍ ሰው፣ በምግብ ቤቶችና በሱቆች ሰሌዳ ላይ የአማርኛ ፊደላትን ከእንግሊዝኛው ጎን ያነብባል። እንዲህ ያለውን ፊደል ከእንጨት ላይ ፈልፍሎ ማውጣት መሮና መዶሻ ለያዘ ባለሙያ የቀናት ሥራ ነበር። ዛሬ ይህንኑ በጋራዥ ጥግ የተቀመጠ፣ ከምግብ ጠረጴዛ የማይበልጥ ማሽን በአንድ ከሰዓት ሊጨርሰው ይችላል።

ማሽኑ ሲኤንሲ ይባላል፤ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫና መቅረጫ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የማስታወቂያና የቤት ዕቃ ሥራ ቤቶች ስሙ እንግዳ አይደለም። በትርፍ ጊዜው መስቀል፣ የረከቦት ጠረጴዛ ወይም የቤት ስም ሰሌዳ ለመቅረጽ ለሚያስብ ሰው ከባዱ ውሳኔ ማሽኑን መግዛት ይመስለዋል። ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ግን ማሽኑን ከሚመራው ኮምፒውተር ነው።

ስህተቱ የሚያስከፍለው የተበላሸ ጣውላ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ኮምፒውተሩ በሥራ መሐል ቢያንቀላፋ የማሽኑ ጉዞ ይቆማል፤ መቅረጫው ሞተር ግን በራሱ ማብሪያ የበራ ከሆነ መሽከርከሩን ይቀጥላል። በደቂቃ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ የሚዞር መቁረጫ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እንጨት ሲፈትግ ይጨሳል። ሰጋቱራ በሞላበት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ጭስ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም።

ፍጥነት ወይስ ሰዓት ማክበር?

የሐሳቡ ምንጭ የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ ነው። ጆን ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ የሄሊኮፕተር ክንፍ ቅርጽን በተሰሉ ቁጥሮች ለማውጣት የጀመረው ጥረት፣ በአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘብ ተደግፎ ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሻገረ። ተቋሙም እአአ በ1952 በተበሳ ቴፕ የሚታዘዝ ማሽን ለዕይታ አቀረበ። የዛሬው የጋራዥ ማሽን የሚቀበለው ጂ-ኮድ የተባለ የትእዛዝ ጽሑፍም የዚያ ዘመን ልጅ ነው፤ “ወደዚህ ነጥብ፣ በዚህ ፍጥነት ሂድ” የሚሉ አጫጭር መስመሮች ስብስብ ነው።

መስመሩን ወደ እንቅስቃሴ መለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በትናንሽ ማሽኖች ላይ የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ሙሉ ዙር የሚዞረው በ200 እርምጃ ነው። ሞተሩን የሚነዳው ድራይቨር እያንዳንዱን እርምጃ ለስምንት ከከፈለው ዙሩ 1,600 የኤሌክትሪክ ምት ይፈልጋል። በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ብሎን ካለው ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 320 ምት ማለት ነው። ማሽኑ በሰከንድ 50 ሚሊሜትር ሲጓዝ በሰከንድ 16 ሺህ ምት ያስፈልገዋል፤ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 62.5 ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ 62.5 እጥፍ ብቻ ነው።

ፈጣኑ ኮምፒውተር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ በየመሐሉ ዝማኔ ይፈትሻል፣ ከኢንተርኔት ጋር ይነጋገራል፣ ባትሪ ለመቆጠብ አንጎሉን ያቀዘቅዛል። ለእነዚህ ሥራዎች አንድ ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ፊልም የሚመለከተው ሰው አያስተውለውም። ለሞተሩ ግን 16 ምት ቀረበት ማለት ነው። ሞተሩም ምቱ ሲዛነፍበት ይንቀጠቀጥና ከቦታው ይስታል፤ አብዛኞቹ ርካሽ ማሽኖች ደግሞ ሞተሩ የታዘዘበት ቦታ መድረስ አለመድረሱን የሚያረጋግጡበት መንገድ የላቸውም። ኮምፒውተሩ ሁሉ ሰላም መስሎት ይቀጥላል።

መፍትሔው በሁለት መንገድ መጥቷል። ቀደም ያለው፣ ኮምፒውተሩ ራሱ በፓራለል ፖርት፣ ማለትም በቀድሞው ባለ 25 ጫፍ የፕሪንተር መሰኪያ በኩል ምቱን እንዲልክ ማድረግ ነው። በነፃ የሚገኘው ሊነክስሲኤንሲ ለዚህ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሥረ መሠረቱ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያዘጋጀው ፕሮግራም ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው የመዘግየት መለኪያ ለአሮጌ ኮምፒውተር እውነተኛው ፈተና ነው። መለኪያው እየሠራ መስኮቶችን መክፈትና መዝጋት፣ ቪዲዮ ማጫወት፣ ትልልቅ ፋይሎችን መገልበጥ፣ በአጭሩ ማሽኑን ማስጨነቅ ያስፈልጋል። ከፍተኛው መዛነፍ ከ20 ማይክሮሰከንድ በታች ከሆነ እጅግ መልካም ነው፤ እስከ 50 ድረስም ያሠራል፤ 100 ከደረሰ ግን ያ ኮምፒውተር በዚህ መንገድ ምት ለመላክ አይሆንም። ከአልጋ ሥር የወጣ ባለ ሣጥን ዴስክቶፕ ይህን ፈተና ሲያልፍ፣ ውድ ላፕቶፕ በኃይል ቆጣቢ አሠራሩ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል።

በዚህ መንገድ ለሚሄዱ ሁለት ወጥመዶች አሉ። ለረጅም ጊዜ ታዋቂ የነበረው ማክ3 የተባለ የዊንዶውስ ፕሮግራም በፓራለል ፖርት የሚሠራው በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ከዩኤስቢ ወደ ፕሪንተር መሰኪያ የሚቀይረው ርካሽ ገመድም ለፕሪንተር እንጂ ለዚህ ሥራ አያገለግልም።

ሁለተኛው መንገድ ሰዓት የማክበሩን ሥራ ከኮምፒውተሩ መንጠቅ ነው። እአአ በ2009 ኖርዌያዊው ሲመን ስቫለ ስኮግስሩድ ግርብል የተባለውን ፕሮግራም የጻፈው አርዱዊኖ ለተባለችው ትንሽ ቦርድ ነበር። በቦርዷ ላይ ያለው ቺፕ ፍጥነቱ 16 ሜጋኸርትዝ፣ የሥራ ማኅደረ ትውስታው 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ከዛሬ ስልኮች ጋር ለማነጻጸር እንኳ ያሳፍራል። ሌላ ምንም ሥራ ስለሌለው ግን በሰከንድ 30 ሺህ ምት ድረስ ሳይዛነፍ ይልካል። ኮምፒውተሩ የሚቀረው በዩኤስቢ መስመሮቹን አንድ በአንድ ማቀበል ብቻ ነው፤ ይህን ማንኛውም ያገለገለ ላፕቶፕ ይችለዋል። ለጀማሪ የሚመከረውም ይኸው ነው። ከፍ ያለ ማሽን የሚሠሩ ሰዎች ሊነክስሲኤንሲን ሳይለቁ ምቱን በራሳቸው የሚያመነጩ እንደ ሜሳ ያሉ ካርዶችን ይገዛሉ፤ ዋጋው ግን ለትርፍ ጊዜ ሥራ ይከብዳል።

ገንዘብ ካለ ለንድፍ በሚያገለግለው ኮምፒውተር ላይ ቢወጣ ይሻላል። ባለ ብዙ ጌጥ መስቀልን ወደ ጂ-ኮድ መለወጥ ኃይልና ማኅደረ ትውስታ ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ከሰጋቱራው ርቆ ሳሎን ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። በጋራዥ የሚቀረው ማራገቢያ ባይኖረው ይመረጣል፤ ማራገቢያ ያለው ኮምፒውተር ሰጋቱራውን ወደ ሆዱ ይስበዋልና።

ፊደሉ ራሱ ትእዛዝ ሲሆን

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ችግር የሚገጥመው በንድፉ ላይ ነው። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደላት ከማካተቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናሉ። ስለዚህ ጽሑፉን በዩኒኮድ ፎንት ጽፎ፣ ፋይሉ ከንድፍ ኮምፒውተሩ ከመውጣቱ በፊት ወደ መስመር ቅርጽ መለወጥ ይገባል። እንደ ኢንክስኬፕ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይህን ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ችግር ስውር ነው። በጂ-ኮድ ፋይል ውስጥ ማሽኑ የማይፈጽመው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ ማስታወሻ በቅንፍ ይቀመጣል። ይህን ማስታወሻ በአማርኛ መጻፍ ምንም ጉዳት የሌለው ይመስላል። ይሁንና እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የሚቀመጠው በሦስት ቁጥሮች ሲሆን ሦስቱም ከ127 በላይ ናቸው። ግርብል 1.1 ደግሞ ከ127 በላይ ያሉ ቁጥሮችን እንደ ጽሑፍ አያያቸውም፤ የተወሰኑትን ወዲያውኑ የሚፈጸሙ ትእዛዛት አድርጎ ይቀበላቸዋል፤ የቀሩትን ይጥላቸዋል። በቅንፍ ውስጥ መሆናቸውም አያድናቸውም።

ውጤቱ ቀልድ ይመስላል። “ኑ” የሚለው ፊደል የመጨረሻ ቁጥር 145 ነው፤ ለግርብል “ፍጥነቱን በ10 በመቶ ጨምር” ማለት ነው። “ኒ” በ146 ያበቃል፤ ፍጥነቱን በ10 በመቶ ይቀንሳል። “ነ” ወደ መደበኛው ይመልሰዋል። “ቄ” እና “ሄ” በ132 ስለሚያበቁ የማሽኑ የደኅንነት በር የተከፈተ ያስመስላሉ፤ ማሽኑም ይቆማል። በርካታ የላኪ ፕሮግራሞች ማስታወሻውን ቆርጠው ስለሚጥሉ ችግሩ ሁልጊዜ አይታይም። ማሽኑ ያለ ምክንያት በአንድ ፋይል ላይ ብቻ የሚፈጥንና የሚቆም ከሆነ ግን ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ አማርኛውን መሰረዝ ከሁሉም የሚቀድም ሙከራ ነው።

እርሳስና ወረቀት

ቅርጹ ሲዛነፍ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ፣ የኤሌክትሪኩ ወይስ የብረቱ መሆኑን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በመቁረጫው ቦታ እርሳስ ታስሮ ወረቀት ይነጠፍለታል፤ ማሽኑ አንድ አራት ማዕዘን ደጋግሞ፣ ለምሳሌ 50 ጊዜ እንዲስል ይታዘዛል። መቅረጫው ሞተር በዚህ ጊዜ ጠፍቶ መቆየት አለበት።

መስመሮቹ በአንዱ ላይ አንዱ ካረፉ ግን የአራት ማዕዘኑ መጠን ከታዘዘው ካነሰ ወይም ከበለጠ፣ የተሳሳተው ለአንድ ሚሊሜትር የተሞላው የእርምጃ ብዛት ነው። ማሽኑ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ትንሽ፣ ሁልጊዜም እኩል ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ የአቅጣጫው ምልክትና ምቱ በአንድ ጊዜ እየደረሱ ነው፤ በመካከላቸው ጥቂት ማይክሮሰከንድ መጨመር ወይም የምቱን ምልክት መገልበጥ ያስተካክለዋል። መንሸራተቱ ደንብ ከሌለው በመጀመሪያ ሞተሩን ከብሎኑ ጋር የሚያያይዘውን መጋጠሚያ ማጥበቅ፣ ቀጥሎም የፍጥነት ጭማሪውን ዝቅ ማድረግ ነው። አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን ሲጠራጠር የላላ ብሎን ሆኖ ይገኛል።

ስዕሉ ፍጹም ከሆነ ሙከራው መቅረጫው ሞተር በርቶ ይደገማል። ለዚህ ዙር እርሳሱ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ሳይሆን ከጎኑ መታሰር ይኖርበታል። አሁን ግንኙነቱ ከተቋረጠ ጥፋተኛው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። አጭርና መከለያ ያለው የዩኤስቢ ገመድ፣ ለሞተሩና ለኮምፒውተሩ የተለያየ ሶኬት፣ የሞተሩን ገመድ ከምልክት ገመዶች ማራቅ፣ የማሽኑን አካል ከመሬት መስመር ጋር ማገናኘት ብዙውን ጊዜ ያስወግደዋል። ሰጋቱራ የሚስበው የፕላስቲክ ቱቦም በፍትጊያ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ቦርዱን ለመለወጥ ከመሮጥ በፊት እነዚህን መሞከር ይገባል። በዊንዶውስ ላይ ደግሞ እንቅልፍን፣ ዩኤስቢን ለጊዜው የሚያጠፋውን የኃይል ቁጠባ እና በሥራ ሰዓት የሚመጣን ዝማኔ አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል።

በየትኛውም ሙከራ የማይጣሱ ሁለት ነገሮች አሉ። ኃይል ያለበትን የስቴፐር ሞተር ገመድ መንቀል ድራይቨሩን ያቃጥላል። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍም ለኮምፒውተሩ “አቁም” የሚል መልእክት የሚልክ ሳይሆን የሞተሮቹን ኃይል፣ መቅረጫውን ጨምሮ፣ በቀጥታ የሚቆርጥ መሆን አለበት። የተንጠለጠለ ኮምፒውተር መልእክት አይሰማም።

ማሽኑ ወደ አገር ቤት ሲላክ

በአሜሪካ የተገዛ ማሽን ለወንድም ወይም ለእህት ልጅ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ቤቶች ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርትዝ፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀሮች ሁለቱንም ይቀበላሉ። የሞተሮቹ ኃይል ማቅረቢያ ግን ብዙ ጊዜ በጎኑ ላይ 115 እና 230 የተጻፈበት ትንሽ ቀይ ማንሸራተቻ አለው፤ በ115 ላይ እንደተቀመጠ በአዲስ አበባ ሶኬት ላይ ከተሰካ ያኔውኑ ይቃጠላል። ለ120 ቮልት የተሠራው መቅረጫ ሞተር ደግሞ ማንሸራተቻ የለውም፤ አቅሙን የሚሸከም ትራንስፎርመር ወይም ለ220 ቮልት የተሠራ ምትክ ያስፈልገዋል።

መብራት ሲቋረጥ ግርብል የነበረበትን ቦታ ይረሳል። በየአቅጣጫው ጫፍ ላይ የመነሻ ማብሪያዎች የተገጠሙለት ማሽን መብራት ሲመለስ ወደ መነሻው ሄዶ መለኪያውን እንደገና ያገኛል፤ የጣውላው መነሻ ነጥብ ከማሽኑ መነሻ አንጻር አስቀድሞ በግርብል ውስጥ ከተመዘገበ ሥራው ከተቋረጠበት አካባቢ ሊቀጥል ይችላል። ማብሪያዎቹ ከሌሉት ግማሽ የተቀረጸውን ጣውላ በዓይን ግምት ከማስተካከል ሌላ ምርጫ የለም።