አንድ ቃል ነክታ ሌሊቱን ሙሉ የጠፋችው ልጅ

«ጋሼ፣ ስልኩን ልሽጠው ወይስ ልስበረው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ለጉዳይ ከወረኢሉ አዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። የአገሬ ልጅ ነው፤ ስሙን ግን አላነሳም። ስልኩ የእሱ አይደለም፣ የእህቱ ነው። አረብ አገር የምትሠራ አክስታቸው «ተማሪበት» ብላ የላከችላት ነው። ልጅቷ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ፈተናው እየደረሰ ነው። እሷ ግን ማታ ማታ ብርድ ልብስ ተከናንባ ስልኳ ላይ እንዳፈጠጠች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። (የወረኢሉን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል፤ በዚያ ሰዓት ጣትን ከብርድ ልብስ ማውጣት ራሱ ጀግንነት ነው!) ጠዋት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። እናት «ይቺ ልጅ ወንድ ይዛለች» ብለው ጠረጠሩ። ወንድም ስልኩን ነጥቆ መልእክቶቿን ሁሉ በረበረ። ምንም የለም! የበለጠ ያናደደውም ይኸው ነው።

«ወንድ ቢሆን ሄጄ አናግረዋለሁ። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

«አብሽር፤ አትሸጠውም፣ አትሰብረውምም። መጀመሪያ እሷን ላናግራት» አልኩትና ደወልኩላት።

«እታለም፣ ትናንት ማታ ስልኩን ስትከፍቺ ምን ፈልገሽ ነበር?»

«የታሪክ ጥያቄ ነበር ጋሼ። የአድዋ ጦር ለምን ወረኢሉ ላይ ተሰበሰበ የሚል።»

«አገኘሽው?»

ዝም አለች። ቆይታ ሳቀች። ከዚያ የሄደችበትን መንገድ አንድ በአንድ አወራችልኝ። «ወረኢሉ» ብላ ጻፈች። ከወጣላት ጽሑፍ ውስጥ «አድዋ» የሚል ሰማያዊ ቃል አየችና ነካችው። እዚያ «እቴጌ ጣይቱ» የሚል ሌላ ሰማያዊ ቃል አለ፤ ነካችው። የእቴጌይቱን ፎቶ ስታይ ሹሩባው አማራት። ሹሩባ ብላ ስትጽፍ ቪዲዮ መጣ። ቀጥሎ የሙሽራ ሹሩባ፣ ቀጥሎ የሙሽራ ሜካፕ፣ ቀጥሎ ሙሽራው የቀረባት ሙሽራ...

«ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም ጋሼ። ራሱ ነው የሚመጣው።»

ውድ አንባብያን፣ «ራሱ ነው የሚመጣው» ያለችውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ ያ ሰማያዊ ቃል ምን እንደሆነ እንይ።

ስሙ ሃይፐርቴክስት ይባላል። በቀላል አማርኛ ውስጡ በር ያለው ጽሑፍ ማለት ነው። ተራ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ ወደ መጨረሻው ይነዳችኋል። እዚህ ግን ቃሉ ራሱ በር ነው፤ ነክታችሁት ትገባላችሁ። «ወረኢሉ» የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ። አንዱ በር «ወረ» ወደሚለው ይወስዳል። በኦሮምኛ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት ነው፤ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ባቦ እንደምንለው ሁሉ። ከዚያ ወደ ወሎ ኦሮሞ ታሪክ ትገባላችሁ። ሌላው በር ወደ ጥቅምት 1888 ዓ.ም. ይወስዳል፤ የክተቱ አዋጅ ታውጆ ጦሩ የከተተበት ነው። ለልጅቷ ጥያቄ መልሱ የነበረውም እዚሁ በር ጥግ ነው። ወረኢሉ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጦር ሰፈር ያደረጓት ቦታ ናት፤ ከሸዋ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ጦርም መንገዱ ላይ ናት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መልስ! እሷ አልፋው ሄደች።

ይህ የበር ነገር የመጣው ከአንድ አሜሪካዊ የሳይንስ ሰው ሐሳብ ነው ይባላል። ቫኔቫር ቡሽ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ «ሜሜክስ» የሚባል ጠረጴዛ አሰበ። መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተቀርጸው ጠረጴዛው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንባቢው አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር እያሰረ የራሱን ዱካ ይተዋል። ጠረጴዛው አልተሠራም። በ1965 እ.ኤ.አ. ቴድ ኔልሰን የሚባለው አገሩ ልጅ «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ስም አወጣለት። በታኅሣሥ ወር 1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሕዝብ ፊት ቀርቦ በማውስ ቃል እየነካ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲዘል አሳየ። ከዚያ በ1989 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ ካለው ሰርን ከሚባለው የምርምር ተቋም ሆኖ ዛሬ ድረ ገጽ የምንለውን ነገር ሐሳብ አቀረበ። እኛ አገር ኢንተርኔት በቴሌ በኩል የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የየራሱን ፎንት ሠርቶ ይጽፍ ስለነበር፣ ፎንቱ የሌለው ሰው የአማርኛ ገጽ ሲከፍት የሚያየው ፊደል ሳይሆን የተዘበራረቀ ምልክት ነበር። በሩ ይከፈታል፤ ቤቱ ውስጥ ግን መብራት የለም!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለወሎ ልጅ ይህ ሁሉ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። የጥንት ወንጌሎቻችንን ብታዩ፣ ከአባ ገሪማው ጀምሮ፣ መግቢያቸው ላይ ያሸበረቁ ሠንጠረዦች አሉ። የአውሳብዮስ ቀመር ይባላሉ። በማቴዎስ ያለው ታሪክ በማርቆስና በሉቃስ የትኛው ክፍል እንደሚገኝ በቁጥር ይመራሉ። ይኸው ነው እኮ በሩ! በዚያው በደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ደግሞ የአቡኑን ሥዕል ጭምር ይዟል። ጽሑፍና ሥዕል ባንድ ላይ። ያ መጽሐፍ፣ ቫኔቫር ቡሽ እንዳለመው፣ በማይክሮፊልም ተቀርጿል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ያ የቀረጻ ሥራ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ቀርጾ ያስቀረ ትልቅ ሥራ ነው።

የአንድምታ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ይህን የበለጠ ይረዳኛል። መምህሩ ንባቡን ያነባሉ፤ ይተረጉማሉ፤ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይሰጣሉ፤ «ታሪክ» ብለው ወደ ሌላ አገርና ዘመን ይዘው ይሄዳሉ። በእስልምናውም እንዲሁ ነው፤ ሸኹ መትኑን አንብበው ሸርሑን ያብራራሉ፣ ኅዳጉ ላይ ደግሞ የማብራሪያው ማብራሪያ ተጽፏል። ተማሪው አንድ ቃል ይዞ ሩቅ ይሄዳል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? መምህሩም ሸኹም ይመልሱታል! ሐተታው ሲያልቅ ተመልሰው እዚያው ንባብ ላይ ናቸው።

የስልኩ በር ግን አይመልስም። ይህ ደግሞ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ኔልሰን ያለመው በር በሁለት በኩል የሚከፈት ነበር፤ የተነካው ገጽ ማን እንደነካው የሚያውቅበት። በርነርስ ሊ ባንድ በኩል ብቻ የሚከፈተውን መረጠ። ማንም ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ማንም ገጽ በር መክፈት ይችላል። ድረ ገጽ ዓለምን በጥቂት ዓመት ያጥለቀለቀው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዋጋው ግን አለ፤ ገጹ ሲጠፋ በሩ ገደል ላይ ይከፍታል፣ የመመለሱም ጣጣ የአንባቢው የራሱ ነው።

አሁን ልጅቷ ወዳለችው ልመለስ። «አድዋ»ን የነካችው እሷ ናት። «ጣይቱ»ንም የነካችው እሷ ናት። እስከዚያ ድረስ ጠፋች አልልም፤ እንዲያውም እየተማረች ነበር። ከቪዲዮው በኋላ ግን መንካት አቆመች። ማሽኑ ነው የሚመርጥላት፤ ጣቷ ወደ ላይ መግፋት ብቻ። በ2006 እ.ኤ.አ. አዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ገጽ ሳያልቅ ከሥር ከሥር እየተጨመረ እንዲወርድ የሚያደርግ ዘዴ ሠራ፤ በኋላ ራሱ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። የድሮው መልቲሚዲያ እንዲህ አልነበረም። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኢንካርታ» የሚባለው የማይክሮሶፍት ኢንሳይክሎፔዲያ ጽሑፍ፣ ድምፅና ፊልም በአንድ ሲዲ የያዘ ነበር። ሲዲው መጨረሻ አለው። አይታችሁ ስትጨርሱ ትተኛላችሁ። የዛሬው ጅረት ታች የለውም፤ የምትተኙት ባትሪው ሲያልቅ ነው።

እንግዲህ ስልኩ ይሸጥ? እኔ አይሸጥ ባይ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ከነበሩት የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው ለሁሉም ሳይዳረሱ በፒዲኤፍ ነው ብዙው ተማሪ እጅ የገቡት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከፊሉ ተማሪ ፈተናውን በኮምፒውተር እየወሰደ ነው። ስልክ የተነጠቀች ልጅ መጽሐፏንም ተነጠቀች ማለት ነው።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህን ነው። ስልኩን ከመክፈትሽ በፊት ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጻፊ። ወረቀቱ አጠገብሽ ይሁን። አንድ በር ከገባሽ በኋላ ያገኘሽውን ባንድ መስመር ጻፊና ወደ ጥያቄው ተመለሺ፤ ልክ ተማሪው ወደ ንባቡ እንደሚመለሰው። ሦስት በር ገብተሽ መልስ ካልመጣ ዝጊው፤ ጠዋት መምህር ጠይቂ። «ራሱ የሚመጣው» ሲጀምር ስልኩ ከብርድ ልብሱ ይውጣ። (ሹሩባውን ቅዳሜ ብታዪው ማንም አይቆጣሽም።) ለወንድምየው ደግሞ ሁለት ነገር ብዬዋለሁ፤ መልእክቷን ዳግመኛ እንዳይበረብር፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የእሱም ጭምር፣ እናትየው ዘንድ እንዲያድር። የእሱም ሲባል ፊቱ ጠቆረ፤ ግን እሺ ብሏል።

ከዚህ የሚበልጥ ዘዴም አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለወራት ሰማያዊው ቃል ሁሉ የሞተ ቃል ነበር። የማይሞትበት መንገድ ግን አለ። «ኪዊክስ» የሚባል ነፃ አፕ ውክፔዲያን ከነበሮቹ ስልክ ላይ ያስቀምጣል፤ ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ከቃል ወደ ቃል ትዘላላችሁ፣ ጅረቱ ግን የለም። የእንግሊዝኛው ትልቅ ስለሆነ የተመጠነውን ጫኑ፤ የአማርኛው ትንሽ ነው፣ ማንኛውም ሚሞሪ ካርድ ይችለዋል።

ኔትወርክ የደከመበት ቦታ ካላችሁ፣ ወረኢሉም ሁኑ መካነ ሰላም፣ «ፊልምና ዘፈን እንጭናለን» የሚል ሱቅ አይጠፋም። መንዙማና ዘፈን የሚጭነው ልጅ ይህንንም ይጭናል፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ በሚሞሪ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ካለም ከእሱ ይገለብጠዋል። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከሱቁ ከመውጣታችሁ በፊት ዳታውን አጥፉና አንድ ሰማያዊ ቃል ነክታችሁ መከፈቱን እዚያው እዩ።