የሳፔሎው ኪታብ

በዛሬው የረመዳን ገጻችን ይዘናችሁ የምንሄደው ሩቅ ነው። ወደ አሜሪካ፣ ወደ ደቡባዊቷ የጆርጂያ ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ወደምትገኝ ማኪንቶሽ ወደምትባል የገጠር ካውንቲ። ካውንቲ በእኛ አነጋገር ወረዳ እንደማለት ነው። የሕዝቧ ቁጥር 11 ሺሕ ገደማ ቢሆን ነው። ከሳቫና ከተማ ወደ ደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ይደረስባታል። ረግረግ፣ ጥድ፣ ወንዝና ደሴት የበዛባት ምድር ናት። ዳሪየን ከምትባለው ዋና ከተማዋ ሆኖ ባሕሩን ለሚመለከት ሰው ከሙስሊም ታሪክ ጋር የሚያገናኛት ነገር ያለ አይመስለውም። አለ እንጂ! በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በክብር የተቀመጠ 13 ገጽ ያለው የዐረብኛ የእጅ ጽሑፍ የወጣው ከዚሁ ምድር ነው። የጻፉትም በባርነት ሲገዙ የኖሩ አንድ አፍሪካዊ ሙስሊም ናቸው።

ወደ እሳቸው ከመሄዳችን በፊት ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እንግሊዞች በዛሬዋ ጆርጂያ የመጀመሪያ ምሽጋቸውን የሠሩት በ1721 እዚሁ ነው። ፎርት ኪንግ ጆርጅ ይባላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቢተውም ዛሬ እንደ ጥንቱ ተመልሶ ተሠርቶ ይጎበኛል። በ1736 ደግሞ ከስኮትላንድ ደጋማ አገር የመጡ ሰፋሪዎች ዳሪየንን መሠረቱ። ከእነዚህ ሰፋሪዎች 18ቱ በ1739 አንድ አቤቱታ ፈርመው ነበር፤ ባርነት ወደ ጆርጂያ እንዳይገባ የሚጠይቅ። ቅኝ ግዛቷ ያን ጊዜ ባርነትን ከልክላ ነበር። ክልከላው ግን የቆየው እስከ 1751 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያው የዳሪየን ምድር የሩዝና የጥጥ እርሻ ሆነ፤ ሥራውንም የሠሩት በግድ የመጡ አፍሪካውያን ናቸው። ካውንቲው በ1793 ሲቋቋም እርሻዎቹ ተስፋፍተው ነበር።

ከዳሪየን ወጣ ሲሉ በትለር ደሴት ላይ ብቻውን የቆመ ረጅም የጡብ ጭስ ማውጫ ይታያል። የሩዝ ወፍጮ ቅሪት ነው። የእርሻው ባለቤት ሚስት የነበረችው እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ፋኒ ኬምብል በ1838 መጨረሻ ወደ ጆርጂያ መጥታ ያየችውን ግፍ በየቀኑ ጻፈች፤ ጽሑፏ በ1863 ታተመ። እሷ ከባሏ ከተፋታች በኋላ፣ በ1859፣ ባልየው ዕዳው ቢበዛበት ከአራት መቶ በላይ ሰዎች ሳቫና ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጡ። ዘሮቻቸው ያን ሽያጭ «የለቅሶው ጊዜ» ይሉታል።

አሁን ወደ ደሴቲቱ እንሻገር።

ሳፔሎ ድልድይ የላትም። ሜሪዲያን ከሚባለው ወደብ በጀልባ ነው የሚደረሰው። በ1802 ቶማስ ስፖልዲንግ የተባለ ባለ እርሻ የደሴቲቱን መሬት መግዛት ጀመረ። ጥጥና ሸንኮራ አስተከለ፤ ከተቃጠለ የኦይስተር ዛጎል ኖራ፣ ከአሸዋና ከዛጎል ስባሪ በሚለወስ ጭቃ ግድግዳ አስገነባ። ያ ግድግዳ ዛሬም በጫካው ውስጥ ፈራርሶ ይታያል። በዚያው ዘመን ከባሃማስ ደሴቶች ገዝቶ ካመጣቸው ሰዎች መካከል ቢላሊ ሙሐመድ፣ ሚስታቸው ፊቢና ሴት ልጆቻቸው ነበሩ።

ቢላሊ የተወለዱት በዛሬዋ ጊኒ፣ በፉታ ጃሎን ደጋ፣ ቲምቦ በምትባል ከተማ ነው። ፉታ ጃሎን ያን ጊዜ በሙስሊም ዑለማዎች የሚመራ አገር ነበር። ቲምቦ ደግሞ ዋና ከተማው ናት። ልጅ ሆነው ኪታብ ቀርተዋል። ከዚያ ተማርከው ተሸጡ። ስማቸው ለእኛ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም። ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን፣ ከሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ) ወዲህ ስንቱ አፍሪካዊ አባት ልጁን በዚህ ስም ጠርቷል!

ስፖልዲንግ ቢላሊን የሠራተኞቹ ሁሉ አለቃ አደረጋቸው። ይህን ሳንደብቅ መናገር ይገባል። እሳቸው ራሳቸው በባርነት የተያዙ ሆነው በመቶ የሚቆጠሩ ባልንጀሮቻቸውን ሥራ የሚያሠሩ ነበሩ። ለመፍረድ ከዚህ ሆነን አንችልም። በ1812ቱ ጦርነት እንግሊዞች ደሴቲቱን ይወራሉ ተብሎ ሲፈራ ስፖልዲንግ ሰማንያ ጠመንጃ አስረከባቸው። ባሮችን ማስታጠቅ እጅግ በሚፈራበት አገር ይህ ያልተሰማ ነገር ነው። ቢላሊ ለሙስሊሞቹ ሙሉ ዋስ እሆናለሁ፣ ለሌሎቹ ግን ኃላፊነት አልወስድም ብለው ነበር ይባላል። በ1824 ከባድ አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታም ሕዝቡን ወደ ጠንካራዎቹ የጥጥና የሸንኮራ ቤቶች አስገብተው ብዙ ነፍስ እንዳተረፉ ይነገራል። በስተርጅና ያዩዋቸው ሰዎች ሁልጊዜ ፌዝ የመሰለ ቆብ ያደርጉ ነበር ሲሉ ጽፈዋል።

በአጎራባቹ ካውንቲ፣ በሴንት ሳይመንስ ደሴት፣ ሳሊህ ቢላሊ የሚባሉ ሌላ ሙስሊም ነበሩ፤ ከማሲና የመጡ። የእሳቸው ባለቤት ነኝ ይል የነበረው ሰው በ1839 በጻፈው ደብዳቤ መጠጥ እንደማይቀምሱ፣ ጾሞችን በተለይም ረመዳንን እንደሚጠብቁ መስክሯል። በዚያ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ በሰው ትእዛዝ እርሻ ላይ ውሎ ረመዳንን መጾም ምን እንደሆነ የሚያውቀው የጾመ ነው።

ወደ ጽሑፉ እንመለስ። ቢላሊ በ1850ዎቹ ከመሞታቸው በፊት ጽሑፋቸውን ዳሪየን ለነበረ ፍራንሲስ ጎልዲንግ ለተባለ ቄስና ደራሲ ሰጡት። ማንበብ የቻለ አልነበረም። «የቤን አሊ ማስታወሻ» የሚል ስም ወጣለት፤ የእርሻ ሒሳብ ወይም የዕለት ውሎ መዝገብ ነው ተብሎም ተገመተ። በ1931 ወደ ጆርጂያ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ገባ። ምስጢሩ የተፈታው ጆሴፍ ግሪንበርግ የተባለ ወጣት የቋንቋ ተመራማሪ ቅጂውን ወደ ሰሜን ናይጄሪያ፣ ወደ ካኖ ይዞት ሄዶ ለሐውሳ ዑለማዎች ሲያሳያቸው ነው። እነሱ ያውቁት ነበርና አነበቡለት። ግሪንበርግም ግኝቱን በ1940 አሳተመ።

የዕለት ውሎም የእርሻ ሒሳብም አልነበረም። ፊቅህ ነው። ኢብኑ አቢ ዘይድ አል-ቀይረዋኒ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ከጻፉት «ሪሳላ» ከሚባለው የማሊኪ መዝሀብ ኪታብ የተወሰዱ ክፍሎች ናቸው፤ ስለ ውዱእ፣ ስለ አዛን፣ ስለ ሶላት። ፊደሉ የምዕራብ አፍሪካ አጻጻፍ ነው፤ ቃላቱም አንዳንድ ቦታ የተዛቡ ናቸው። አንዳንድ አጥኚዎች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረውት ነበር። እኛ ግን እንዲህ አናየውም። ወሎ ውስጥ ደረሳ ሆኖ ያለፈ ሰው ይረዳዋል። በልጅነቱ የቀራውን ኪታብ፣ መጽሐፉም ሸኹም በሌሉበት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከልቡ አውጥቶ ለመጻፍ የሞከረ ሰው እንዲያ ነው የሚጽፈው። የመረጡትም ክፍል ሶላት ያለሱ የማይቆመውን ነው።

ልጆቻቸውስ? ሰባት ሴት ልጆች ስማቸው ደርሶናል። ከእነሱም መካከል መዲና፣ ፋጢማና ቢንቱ የሚባሉ አሉበት። በ1930ዎቹ የጆርጂያ ጸሐፊዎች ፕሮጀክት ሠራተኞች በባሕሩ ዳርቻ ያሉ አረጋውያንን ሲጠይቁ የቢላሊ ዘር የሆኑትን ኬቲ ብራውንንና ሻድ ሆልን አገኙ። ቢላሊና ፊቢ በመስገጃ ላይ ተንበርክከው፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ እኩለ ቀን ሲሆንና ስትጠልቅ እንደሚሰግዱ፣ መቁጠሪያቸውንም እንዴት እንደሚቆጥሩ ነገሯቸው። የኬቲ ብራውን አያት ማርጋሬት ነጭ ሻሽ ከራሷ ላይ ወደ ትከሻዋ ለቀቅ አድርጋ ትከናነብ ነበር።

እኚሁ አያት በዓመት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ «ሳራካ» የሚባል ጠፍጣፋ ቂጣ ይሠሩ ነበር። ኬቲ ብራውን አሠራሩን አልረሱትም። ሩዙ ይታጠባል፣ ውኃው ይደፋል፣ እርጥቡ ሩዝ ሲያብጥ ያድራል። ጠዋት በእንጨት ሙቀጫ በዘነዘና እስኪልም ይወቀጣል። ማር፣ አንዳንዴም ስኳር ይጨመርበታል፣ በእጅ ጠፍጠፍ ይደረጋል። ከዚያ የሰፈሩ ልጆች ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ በእጁ ይሰጠዋል። ሻድ ሆልም የራሳቸውን አያት ሲያስታውሱ፣ ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበው ቆመው አያትየዋ ሦስት ጊዜ «አሚን» ካሉ በኋላ ነበር የሚበላው። ልጆቹ «ሳራካ» የቂጣው ስም መስሏቸው ነው ያደጉት። በብዙ የምዕራብ አፍሪካ ቋንቋዎች ግን ሳራካ ሰደቃ ነው። ሃይማኖቱን በአደባባይ ለማውረስ ላልተፈቀደላት እናት የቀራት ሙቀጫዋና የልጆች እጅ ነበር። ቤት ውስጥ ልጆች ካሏችሁ በዚህ ረመዳን ሠርታችሁ ብታቀምሷቸው መልካም ነው፤ ሲበሉም የቂጣውን ታሪክ ንገሯቸው።

እስልምናው ራሱ አልዘለቀም። የቢላሊ ዘሮች ክርስቲያኖች ሆኑ፤ ከነጻነት በኋላ በ1866 ሳፔሎ ላይ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናቸውን መሠረቱ። ሆኖም በ2017 ያረፉት የደሴቲቱ የታሪክ አዋቂና የቢላሊ ዘር ኮርኔሊያ ቤይሊ በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ወንዱና ሴቱ ለየብቻ እንደሚቀመጡ፣ ሲጸልዩ ወደ ምሥራቅ እንደሚዞሩ ይናገሩ ነበር። ወደ ምሥራቅ ለምን? ከጆርጂያ ሆኖ ቂብላ የት እንደሚሆን አስቡት።

በዋናው የብስ ቦልደን በሚባለው ሰፈር ደግሞ በአዲስ ዓመት ዋዜማ «ሻውት» የሚባል ሥርዓት አለ። እያጨበጨቡና እየዘመሩ፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራሉ። የማኪንቶሽ ካውንቲ ሻውተርስ የተባለው ቡድን ለዚህ ጥበቃው በ1993 ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት አግኝቷል። ጥቁር አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሎሬንዞ ተርነር ቃሉ ከዐረብኛው «ሸውጥ» ማለትም በካዕባ ዙሪያ ከሚደረገው የጠዋፍ ዙር ሳይመጣ አይቀርም ብሎ ነበር። ሁሉም ምሁር አይስማማበትም። የዙሩ አቅጣጫ ግን ከጠዋፍ ጋር አንድ ነው።

ይኸው ተርነር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሃሪስ ኔክ በሚባለው የካውንቲው መንደር አሚሊያ ዶውሊ ከተባሉ ሴት አንድ አጭር ዜማ ቀድቶ ነበር። ቃሉ በሴራሊዮን የሚነገረው ሜንዴ ሆኖ ተገኘ። ልጃቸው ሜሪ ሞራን ዜማውን ከእናታቸው ተምረው ስለነበር በ1997 ወደ ሴራሊዮን ሄዱ። ሴኔሁን ንጎላ በምትባል መንደር ቤንዱ ጃባቲ የተባለች ሴት ያንኑ መዝሙር ከአያቷ ወርሳ አገኟት። የቀብር ሥርዓት መዝሙር ነው።

የሃሪስ ኔክ ሰዎች ግን መሬታቸው የላቸውም። ከባርነት በኋላ ያገኙትንና ያለሙትን መሬት በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ለጦር አውሮፕላን ማረፊያ ወሰደባቸው፤ 2,687 ኤከር ነው። ቤቶቻቸው ፈረሱ። ጦርነቱ አለቀ፣ መሬቱ ግን አልተመለሰላቸውም። ከ1962 ጀምሮ የወፎችና የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ዘሮቻቸው እስካሁን ይጠይቃሉ።

ሳፔሎም ከዚህ ዕጣ አልራቀችም። ከ1934 ጀምሮ ደሴቲቱን የያዘው የትምባሆ ቱጃር ሬይኖልድስ በየመንደሩ የነበሩትን ጥቁሮች ሆግ ሃሞክ በሚባለው ሰፈር ሰበሰባቸው። የቀረው አብዛኛው መሬት ኋላ የግዛቱ መንግሥት ሆነ። በ1820 የተሠራውና በ1998 እንደገና የበራው ቀይና ነጭ መስመር ያለው የመብራት ማማ፣ የስፖልዲንግ ቤት፣ የባሕር ምርምር ተቋሙ፣ ጎብኚ የሚያያቸው እነዚህን ነው። ሆግ ሃሞክ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት የባሮቹ ዘሮች ግን ዛሬ ከሃምሳ አይበልጡም። ሱቅ የለም፤ ልጆች በጀልባ ተሻግረው ነው የሚማሩት።

በመስከረም 2023 የካውንቲው ምክር ቤት በሰፈሩ ሊሠራ የሚችለውን የቤት ስፋት ከ1,400 ወደ 3,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም ከ130 ወደ 280 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ከፍ አደረገ። ነዋሪዎቹ ተቃወሙ። ሀብታሞች ትልልቅ የመዝናኛ ቤት ሲሠሩ የመሬቱ ዋጋ ይንራል፣ ግብሩም አብሮ፤ ያን መክፈል ያልቻለ ሸጦ ይወጣል። ክርክሩ እስከ ጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዷል። በዚህ መካከል፣ ጥቅምት 19 ቀን 2024፣ ደሴቲቱ የባህል ቀኗን ስታከብር የጀልባ መሳፈሪያው የብረት መሸጋገሪያ ተደርምሶ ሰባት ሰዎች ሞቱ።

የቢላሊ ዘሮች ዛሬም «ቤሄቪየር» በሚባለው መካነ መቃብር ይቀበራሉ። በዚያው ሰፈር ቀይ አተርና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሸንኮራ ያመርታሉ፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ መሬታቸውን ይዘው እንዲቆዩ ያግዛቸዋል ብለው ነው።