ከኦይለር እስከ 2030 ጥምቀት፦ የ2,147,483,647 ነገር

ሁለት ቢሊዮን አንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን አራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሰባት። አጠራሩ ትንፋሽ ያሳጥራል እንጂ አሠራሩ ቀላል ነው፦ 31 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ 1 መቀነስ።

እንዲህ የሚገኙ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማሪን ሜርሴን ስም ይጠራሉ። ሜርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ከእነዚህ መካከል ብቸኛ ቁጥር የሚሆኑትን፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን፣ ዘርዝሮ ነበር። ዝርዝሩ ስህተት አላጣውም፤ በዚህኛው ግን ልክ ነበር።

ማረጋገጫው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1772፣ ሴንት ፒተርስበርግ ይኖር ከነበረው ከሒሳብ ሊቁ ከሊዮናርድ ኦይለር ነው። ቁጥሩ አካፋይ ካለው ቢያንስ አንዱ ከ46,341 ማነስ አለበት። እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ ከ4,700 በላይ ናቸው፤ ሁሉንም በእጅ እያካፈሉ መሞከር ያሰለቻል። ኦይለር አንድ ነገር አስተዋለ፦ አካፋይ ሊሆን የሚችለው ብቸኛ ቁጥር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ የሚቀሩት ከ372 አይበልጡም። አንዳቸውም አላካፈሉትም። ለእኔ የሥራው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኖቹ ማየት የተሳናቸው ሊቅ የት መፈለግ እንደማያሻ አስቀድሞ ዐወቀ።

ቁጥሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ቆየ። ከእሱ የሚወለድ ፍጹም ቁጥርም አለ፦ 2,305,843,008,139,952,128። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን ስለሚሰጡ ነው፤ 6 ከ1፣ ከ2ና ከ3 እንደሚገኘው ሁሉ። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ይህን ፍጹም ቁጥር አንስቶ፣ ጥቅም ስለሌለው ከዚህ የሚበልጥ ለመፈለግ የሚደክም አይኖርም ብሎ ጻፈ። ተሳስቷል።

2,147,483,647 ኮምፒውተር ውስጥም ብቅ ይላል። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ0ና በ1 ብቻ ነው። ባለ 32 ቢት፣ ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 ቦታ ያለው፣ ቆጣሪ አንዱን ቦታ ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ሲሰጥ 31 ይተርፋሉ፤ ሁሉም በ1 ሲሞሉ የኛው ቁጥር ይሆናል። ከዚያ በላይ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 «ጋንግናም ስታይል» የተሰኘው የኮሪያ ዘፈን የታየበት ብዛት ይህን ጣሪያ ሊያልፍ ሲል ዩቲዩብ ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳደገ።

ዋናው ጣጣ ያለው ግን ሰዓት ላይ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚያሰሉት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ እየቆጠሩ ነው። ባለ 32 ቢት ቆጣሪዎች የሚሞሉት ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት። በእኛ ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አንድ ሰከንድ ሲጨመር ያልታረመ ማሽን ቀኑን ወደ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ ይመልሰዋል። በ64 ቢት የሚቆጥሩት አዳዲሶቹ አያሰጉም። ዕድሜ የጠገቡ መቆጣጠሪያዎችና ሶፍትዌሮች በእጃችሁ ያሉ ግን ከወዲሁ አስፈትሿቸው።