የአዝራሩ ቃልና የማስታወሻው እውነት
በድረ ገጽ ለሚሸጡ ነጋድያን የቀረበ

የንግድ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ጸንቶ የቆመው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የሰው እምነት፣ ሁለተኛው የመዝገብ ትክክለኛነት። ጸሐፊው «ጽፌዋለሁ» ብሎ ሳይጽፈው ቢቀር፣ ወይም አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ቢጽፈው፣ ጉድለቱ በዕለቱ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ሒሳብ በሚተሳሰቡበት ቀን ነው። በዚያን ጊዜም ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳው የነጋዴው ስም ነው። ዛሬ ሱቃቸውን በድረ ገጽ የከፈቱ ነጋድያን ሁሉ እንዲህ ያለ ጸሐፊ አላቸው። እርሱም ደንበኛ በሚጫነው ጊዜ ኩኪ የሚባለውን ማስታወሻ እንዲጽፍ የታዘዘው አዝራር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በደቡብ ወሎ በከላላ ከተማ ጤፍና ስንዴ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ በድረ ገጽ ትእዛዝ መቀበል ጀመረ እንበል። ደሴ ያለው ደንበኛ «5 ኩንታል ጨምር» የሚለውን አዝራር ይጫናል፤ ገጹ ግን «ዘንቢልዎ ባዶ ነው» ይለዋል። ደንበኛውም አልሠራ ብሎ ቢመስለው ሁለተኛ ይጫናል። መክፈያው ገጽ ላይ ሲደርስ 10 ኩንታል ተጽፎ ይጠብቀዋል። ደንበኛው ነጋዴውን ይጠረጥራል፤ ነጋዴው ድረ ገጹን የሠራለትን ባለሙያ ይወቅሳል፤ ባለሙያው ኔትወርኩን ያማርራል። ከሦስቱ ግን ማስታወሻውን ገልጦ ያየ አንድም የለም።

ኩኪ ራሱ የተወለደው ከንግድ ችግር መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ኤም ሲ አይ የተባለው የስልክ ኩባንያ የኢንተርኔት ገበያ ለማቋቋም አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ገዢው መርጦ ገና ያልከፈለበትን የዕቃ ዝርዝር በራሱ ሰርቨር ላይ ማከማቸት አልፈለገም። ኔትስኬፕ የተባለው ድርጅት ባልደረባ ሉ ሞንቱሊ ዝርዝሩ በገዢው ኮምፒዩተር ላይ እንዲቀመጥ መላ አገኘ፤ ስሙንም የፕሮግራም ሠራተኞች «ማጂክ ኩኪ» ይሉት ከነበረው ነገር ወሰደ። ሰርቨር በተፈጥሮው ደንበኛውን አያስታውስም፤ ገጽ በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ መጤ ይቀበለዋል። ኩኪ ግን በደንበኛው ኪስ እንደሚቀመጥ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ብራውዘሩ ይይዘዋል፤ ደንበኛው በተመለሰ ቁጥርም ለሰርቨሩ ያሳየዋል።

ስለዚህ አዝራር ተጭኖ ነገሩ ሲበላሽ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ሦስት ብቻ ናቸው። የአዝራሩ ትእዛዝ በእርግጥ ተፈጽሟልን? ማስታወሻው ተጽፏልን? የተጻፈውስ ተመልሶ ለሰርቨሩ ደርሷልን? ይህን ለማየት የኮምፒዩተሩን ኤፍ 12 ቁልፍ መጫን ይበቃል። በክሮም «አፕሊኬሽን»፣ በፋየርፎክስ «ስቶሬጅ» በሚለው ክፍል የተቀመጡት ማስታወሻዎች ከነስማቸውና ከነማብቂያ ቀናቸው ይታያሉ። «ኔትወርክ» በሚለው ክፍል ደግሞ ሰርቨሩ ጽፎ የሰጠው «ሴት ኩኪ» በሚል መስመር፣ ብራውዘሩ ያሳየው «ኩኪ» በሚል መስመር ይነበባል።

የከላላው ነጋዴ ችግር በዚህ መንገድ ሲመረመር ምስጢሩ ቶሎ ይገለጣል። ደንበኛው አዝራሩን ሲጫን ብራውዘሩ ለሰርቨሩ የሚያሳየው አሮጌውን ማስታወሻ ነው፤ ሰርቨሩ አዲሱን የሚሰጠው ከመልሱ ጋር ነው። ገጹን ከአሮጌው አንብቦ ካዘጋጀው፣ 5 ኩንታሉ ተጽፎ ሳለ «ባዶ ነው» የሚል ገጽ ይወጣል። መፍትሔውም ሰርቨሩ ማስታወሻውን ከጻፈ በኋላ ገጹ በአዲስ ጥያቄ ዳግም እንዲከፈት ማዘዝ፣ አዝራሩም መልስ እስኪመጣ ድረስ ሁለተኛ እንዳይጫን ማድረግ ነው።

ሌሎችም የተለመዱ ስሕተቶች አሉ። በቅጽ ውስጥ ያለ አዝራር ሌላ ዐይነት ካልተሰጠው ቅጹን ላኪ ሆኖ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የመጻፉ ሥራ ሳይፈጸም ገጹ ሊታደስ ይችላል። በጤፍ ክፍል የተጻፈ ማስታወሻም መንገዱ ካልተወሰነለት በመክፈያው ክፍል አይታይም፤ እንዲያውም በአንድ ስም ሁለት ማስታወሻዎች በልዩ ልዩ መንገድ ይቀመጡና፣ አዝራሩ አንዱን ሲያድስ ገጹ ሌላውን ያነባል። እንዲሁም «ኤች ቲ ቲ ፒ ኦንሊ» የሚል ምልክት ያለበትን ማስታወሻ በገጹ ላይ ያለው ጃቫስክሪፕት ሊያነበውም ሊለውጠውም አይችልም፤ ለውጡ ከሰርቨሩ መምጣት አለበት።

ለኢትዮጵያ ነጋድያን ግን በውጭ አገር መጻሕፍት የማይነገሩ ሁለት ጉዳዮች ይጨመራሉ። አንደኛው የቀን አቆጣጠር ነው። የኩኪ ማብቂያ ቀን የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠርና በግሪንዊች ሰዓት ነው። በአገራችን አቆጣጠር የተሠራን ዓመት እንዳለ ወስዶ የጻፈ ባለሙያ ማስታወሻውን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያለፈ ቀን የተጻፈበት ኩኪ ደግሞ ለብራውዘሩ «ሰርዝ» የሚል ትእዛዝ ነው። አዝራሩ ሊጽፍ ተነሥቶ ይሰርዛል ማለት ነው። ከዚህ የሚያድነው «ማክስ ኤጅ» የሚባለው አጻጻፍ ነው፤ እርሱ ዕድሜውን በሰከንድ ስለሚቈጥር የጳጉሜን ነገር አያሳስበውም። 30 ቀን ማለት 2,592,000 ሰከንድ ነው፤ ሁለቱም በአንድነት ቢጻፉ ሥልጣን ያለው ማክስ ኤጅ ነው።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የኩኪ ደንብ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ስለ ሆነ፣ የግዕዝ ፊደል በቀጥታ አይገባበትም፤ በልዩ ምልክት ተለውጦ መጻፍ አለበት። በዚህ አለዋወጥ አንዱ ፊደላችን 9 ምልክት ይሆናል። «ከላላ» የሚለው ሦስት ፊደል 27 ምልክት ይወስዳል። የአንድ ኩኪ መጠን ደግሞ 4096 ባይት ያህል ስለ ሆነ፣ ከ455 የማይበልጥ ፊደል ብቻ ይይዛል። የዕቃውን ስም፣ የደንበኛውን አድራሻና የመላኪያውን መመሪያ ሁሉ በአማርኛ የሚጭንበት ነጋዴ ከወሰኑ ያልፋል፤ ብራውዘሩም ለደንበኛው አንዲት ቃል ሳይናገር አልቀበልም ይላል። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ የትእዛዙን ቁጥር ብቻ መጻፍ፣ ዝርዝሩንም በሰርቨሩ መዝገብ ማኖር ይበጃል።

ወደ አውሮፓ ለሚልኩ ነጋድያን ነገሩ ከዘንቢል አልፎ ወደ ሕግ ይደርሳል። ክኒል በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን አስታውቋል። ምክንያቱም ኩኪን ለመቀበል አንድ አዝራር ሲበቃ፣ እንቢ ለማለት ግን ብዙ ጊዜ መጫን በማስፈለጉ ነው። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ወጣ፣ የደንበኛን መረጃ መያዝ እንደ ፈቀዱ የሚያደርጉት ነገር አይደለም። ስለዚህ «አልፈቅድም» የሚለውን አዝራር ነጋዴው ራሱ ተጭኖ፣ ከዚያም ማስታወሻዎቹን ገልጦ በእርግጥ እንዳልተጻፉ ማየት ይገባዋል።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ትልቅ ወጪ አይደለም። ነጋዴው በሳምንት አንድ ጊዜ እንደ ደንበኛ ሆኖ በገዛ ድረ ገጹ ይዘዝ፤ በኮምፒዩተርም በስልክም ይሞክር፤ ያየውንም ቀንና ሰዓት ጽፎ ለባለሙያው ያስረክብ። «አይሠራም» ከሚል ወቀሳ ይልቅ «ተጽፏል፤ ነገር ግን አልተመለሰም» የሚል ቃል የባለሙያውን ድካም ያሳጥራል። ጥንቁቅ ነጋዴ ጸሐፊው «ጽፌዋለሁ» ባለው ብቻ ረክቶ አያውቅም፤ መዝገቡን ገልጦ ያያል። ለአዝራሩም ከዚህ የተለየ እምነት ሊሰጠው አይገባም።