ስለ ስቱዲዮ ጂብሊ የሚወራውና እውነታው

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ቻትጂፒቲ ፎቶን ወደ ሥዕል የሚቀይር አዲስ አገልግሎት ሲያስተዋውቅ፣ ማኅበራዊ ሚዲያው በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ ዓይነት ሥዕል ተጥለቀለቀ። የሠርግ ፎቶ፣ የልጅ ልደት፣ የፖለቲከኞች ምስል ሳይቀር በለስላሳ ቀለምና በትልልቅ ዓይኖች ተሥሎ ወጣ። የጃፓኑን ስቱዲዮ አንድም ፊልም አይቶ የማያውቅ ሰው ጂብሊ የሚለውን ስም ለመደ። ስም ከሥራው ቀድሞ ሲደርስ ብዙ የተሳሳተ ወሬ ይዞ ይመጣል። ስለ ጂብሊ የሚወራው አብዛኛው ነገር ደግሞ ስቱዲዮውን ከሆነው በላይ ያጣፍጠዋል። ፊልሞቹን ትልቅ ያደረጋቸው ግን ውስጣቸው ያለው ምሬት ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ሰሞን አብራ የተሰራጨች አንዲት አባባል ነበረች። የስቱዲዮው ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራን ሥዕል «ለሕይወት ስድብ ነው» ብለዋል ተባለ። ቃሉ የእርሳቸው ነው፤ የተነገረበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2016 የጃፓኑ ኤንኤችኬ ባሰራጨው ዘጋቢ ፊልም ላይ የአንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሰዎች፣ ጭንቅላቱን እንደ እግር እየተጠቀመ መሬት ላይ የሚጎተት ፍጡር ኮምፒውተር ራሱ እንዲያንቀሳቅሰው አድርገው አሳዩዋቸው። ለዞምቢ ጨዋታ ይሆናል ብለው ነበር። ሚያዛኪ እጁን ለሰላምታ ማንሳት የሚቸግረው አካል ጉዳተኛ ወዳጃቸውን አነሱና፣ ይህን የሠራ ሰው ሕመም ምን እንደሆነ አያውቅም አሉ። ቁጣቸው የሌላውን ሥቃይ መጫወቻ በማድረግ ላይ ነበር። ይህ ማለት ቴክኖሎጂውን ወደዱት ማለት አይደለም። እንግዶቹ እንደ ሰው የሚሥል ማሽን መሥራት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ፣ የሰው ልጅ በራሱ ላይ ያለውን እምነት እያጣ ነው ብለው አዝነዋል። ሆኖም አባባሉን ከነምክንያቱ ማንሳት ለሰውየው የሚገባ ክብር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ እምነት አለ፤ ጂብሊ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም የሚል። በ1997 የወጣው «ልዕልት ሞኖኖኬ» በኮምፒውተር የታገዙ ትዕይንቶች አሉት። በ1999 የሌላው የስቱዲዮው ዳይሬክተር የኢሳኦ ታካሃታ የያማዳ ቤተሰብ ፊልም ቀለሙ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ በእርሳስ በወረቀት ላይ ይሣልና ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ይቀባል። እጅ የሚኮራበት ዋናው ሥራ፣ ማለትም እንቅስቃሴው፣ አሁንም በእጅ ነው። በ2020 የሚያዛኪ ልጅ ጎሮ ያዘጋጁት ፊልም ግን እርሳሱንም ትቶ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር ተሠርቷል፤ ብዙም አልተወደደም።

«ጂብሊ ማለት ሚያዛኪ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ስቱዲዮው በ1985 ሲመሠረት ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ሚያዛኪ፣ ታካሃታና በኋላ ዋና ፕሮዲዩሰር የሆኑት ቶሺዮ ሱዙኪ። ገንዘቡ ደግሞ የመጣው ቶኩማ ሾተን ከተባለው አሳታሚ ድርጅት ነው። ታካሃታ ራሳቸው ሠዓሊ አልነበሩም። በሠዓሊዎች እጅ ፊልም የሚሠሩ ዳይሬክተር ነበሩ፤ በ2018 እስካረፉ ድረስም አንዱን ፊልማቸውን ከሌላው ጋር የማይመሳሰል አድርገው ሲሠሩ ኖረዋል። ዮሺፉሚ ኮንዶ የሚባሉ ታላቅ ሠዓሊም ነበሩ። በ1995 አንድ ፊልም አዘጋጁ፤ ከሚያዛኪና ከታካሃታ በኋላ ስቱዲዮውን ይረከባሉ ተብለው ሲጠበቁ በ1998 በ47 ዓመታቸው ድንገት ሞቱ። ብዙዎች ሞታቸውን ከሥራ ጫና ጋር ያያይዙታል። በዚያ ለስላሳ ሥዕል ጀርባ ሌሊት ከቀን የሚሠራ፣ ዳይሬክተሩ ያልወደደውን ደግሞ ደጋግሞ የሚሥል ብዙ ሰው አለ። ሚያዛኪን ብቻ ማመስገን የእነዚህን ሰዎች ድካም መርሳት ነው።

«ፊልሞቹ ልብ የሚያሳርፉ የልጆች ካርቱኖች ናቸው» ለሚለውም ከአንድ ቀን ታሪክ የተሻለ መልስ የለም። ሚያዝያ 16 ቀን 1988 የጃፓን ሲኒማ ቤቶች ሁለት የጂብሊ ፊልሞችን በአንድ ትኬት አሳዩ። አንደኛው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ነው፤ እናታቸው ሆስፒታል የተኛች ሁለት እህትማማቾች በጫካ ውስጥ ትልቅና ደግ ፍጡር ያገኙበታል። ሁለተኛው የታካሃታ «የአብሪ ትሎች መቃብር» ነው፤ በ1945 ኮቤ ከተማ በቦምብ ስትነድ እናታቸውን ያጡ ወንድምና እህት በረሃብ ሲያልቁ ያሳያል። ጸሐፊው አኪዩኪ ኖሳካ ታሪኩን የጻፉት የራሳቸው ታናሽ እህት በረሃብ ከሞተች በኋላ ነው። ታካሃታም በዘጠኝ ዓመታቸው ከኦካያማ የአየር ድብደባ የተረፉ ሰው ናቸው። ዓለም ፊልሙን ፀረ ጦርነት ብሎ ሲያሞግሰው ግን ታካሃታ ደጋግመው አይደለም ብለዋል። እርሳቸው ያዩት ከሰው ተነጥሎ፣ ከአክስት ቤት ኩርፊያ ይሻለኛል ብሎ ብቻውን መኖር የመረጠ ልጅ የሚደርስበትን ውድቀት ነው። ይህን አውቆ ፊልሙን ደግሞ ያየ ሰው፣ ከማልቀስ አልፎ ስለ ጎረቤትና ስለ ዘመድ ማሰብ ይጀምራል።

ቶቶሮ ራሱም ከወሬ አላመለጠም። ፍጡሩ መልአከ ሞት ነው፣ ልጆቹ ሞተዋል፣ ለዚህም ምልክቱ በመጨረሻ ጥላ የሌላቸው መሆኑ ነው፣ ታሪኩም በ1963 ሳያማ ላይ ከተፈጸመ ግድያ የተወሰደ ነው ይባላል። ስቱዲዮው በ2007 ይህን በይፋ አስተባብሏል፤ ጥላው የቀረው ለሥዕሉ አስፈላጊ ሆኖ ስላልታየ ብቻ ነው። የሆስፒታሏ እናት ምንጭ ከዚህ የቀረበ ነው፤ የሚያዛኪ እናት ለዓመታት አከርካሪን በሚያጠቃ የቲቢ በሽታ አልጋ ላይ ውለዋል። ደግሞ ዛሬ የስቱዲዮው አርማ የሆነው ይህ ፊልም በሲኒማ ቤት የጠበቁትን ገንዘብ አላስገኘም ነበር። ስቱዲዮውን የረዳው ቆይቶ የመጣው የቶቶሮ አሻንጉሊት ሽያጭ ነው። ጂብሊ የዲዝኒ ንብረት ነው የሚሉም አሉ፤ ዲዝኒ በ1996 ውል የገባው ፊልሞቹን ለማከፋፈል ሲሆን፣ በ2023 ስቱዲዮውን በሥሩ ያደረገው የጃፓኑ ኒፖን ቴሌቪዥን ነው።

የመጨረሻው አስተሳሰብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በጣም ይቀርበናል፤ ሚያዛኪ ንጹሕ የሰላም ሰባኪ ናቸው የሚለው። ጦርነትን መጥላታቸው እውነት ነው። በ2003 «ስፒሪትድ አዌይ» ኦስካር ሲያሸንፍ ወደ ሎስ አንጀለስ አልሄዱም፤ ምክንያቱ ኢራቅን የምትደበድብ ሀገር መጎብኘት አለመፈለጋቸው እንደነበር በኋላ ተናግረዋል። ግን አውሮፕላን ያፈቅራሉ። የአባታቸው ቤተሰብ ፋብሪካ ዜሮ ለተባለው ተዋጊ አውሮፕላን መለዋወጫ ያመርት ነበር። ስቱዲዮውም የተሰየመው ካፕሮኒ በተባለ የጣሊያን ኩባንያ በተሠራ የጦር አውሮፕላን ስም ነው። በ2013 የወጣው «ነፋሱ ሲነሳ» የዜሮውን መሐንዲስ ታሪክ ይተርካል፤ በህልሙ እየመጣ የሚያበረታታው መምህር ጆቫኒ ካፕሮኒ ነው፤ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሳቂታ ህልመኛ።

ይህ ስም በእኛ ታሪክ ውስጥ ሌላ መልክ አለው። በእኛ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር አየር ኃይሏ ከተጠቀመባቸው ቦምብ ጣዮች ብዙዎቹ የካፕሮኒ ሥራዎች ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ ጄኔቫ ቆመው ከአየር ስለወረደው መርዝ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ያሉትም ስለዚያ ጦርነት ነው። ሚያዛኪ የሚያምር አውሮፕላን መሥራት ከሚያደርሰው ጥፋት እንደማይነጠል ያውቃሉ፤ ፊልሙም ይህን አይደብቅም። ያም ሆኖ በሥዕሉ የሚያምረው የካፕሮኒ ክንፍ በእኛ አያቶች ላይ ያረፈ ክንፍ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ ማየት የምንችለው እኛ ነን። ፊልሙ በኮሪያም በጃፓንም ብርቱ ክርክር አስነስቷል። የሀገራችን የፊልም ሐያስያንም «ነፋሱ ሲነሳ»ን ከእኛ ታሪክ አንጻር ተመልክተው በአማርኛ እንዲጽፉበት እጠይቃለሁ።