ግራው ቤዝ፣ ቀኙ ማሲንቆ

ከደሴ ወደ ምዕራብ በአቀስታ በኩል የሚወጣው መንገድ ደጋውን አቋርጦ መካነ ሰላም ይደርሳል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከእሷ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ማዶው ጎጃም ነው። እንዲህ ባለ አገር ሰርግ ደግሶ ሙሉ ባንድ ከሩቅ ከተማ ማስመጣት ለብዙ ደጋሽ ከአቅም በላይ ነው። የተጫዋቾቹ ክፍያ፣ የመሣሪያው ጭነት፣ መኝታውና ቀለቡ ተደምሮ ከድግሱ ይበልጣል። አንድ ኪቦርዲስትና አንድ ድምፃዊ ግን በአንድ መኪና ይመጣሉ። አንዱ ኪቦርዲስት እንደ ባንድ እንዲሰማ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው በብዙ ዲጂታል ፒያኖዎችና ኪቦርዶች ላይ የሚገኘው ስፕሊት ነው።

ስፕሊት ሲበራ የኪቦርዱ ቁልፎች በአንድ ወሰን ለሁለት ይከፈላሉ። ከወሰኑ በስተግራ ያሉት አንድ ድምፅ፣ በስተቀኝ ያሉት ሌላ ድምፅ ያወጣሉ። ግራ እጅ ቤዝ ጊታር ሲመታ ቀኝ እጅ በዚያው ቅጽበት ማሲንቆ፣ ዋሽንት ወይም አኮርዲዮን ይጫወታል። ይህ ሌየር ከሚባለው የተለየ ነው። ሌየር በአንዱ ቁልፍ ላይ ሁለት ድምፅ ደርቦ ያሰማል፤ ስፕሊት ግን ለየእጁ የራሱን ድምፅ ያድላል።

ከኪቦርዱ በፊት

ለሁለት እጅ ሁለት ድምፅ መስጠት አዲስ ሐሳብ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ አንዱ ፊቱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መቺውም ከበሮውን በአንገቱ አንጠልጥሎ ሁለቱን እጆቹን ለየብቻ ያሠራቸዋል። ዝማሬውም መንዙማውም በከበሮ በሚደምቅበት በወሎ የእጆች የሥራ ክፍፍል ለማንም እንግዳ ነገር አይሆንም።

በአውሮፓም የስፔን ኦርጋን ሠሪዎች ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአንዱን ኦርጋን ቁልፎች መሐል ላይ ከፍለው ለግራና ለቀኝ እጅ የተለያየ ድምፅ ይሰጡ ነበር። ፍራንሲስኮ ኮሬያ ዴ አራውሆ በ1626 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ በተለይ ለእንዲህ ዓይነቱ ኦርጋን የተደረሱ ሥራዎች ይገኛሉ። አኮርዲዮንም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ቀኝ እጅ በፒያኖ ቁልፎቹ ዜማውን ሲያወርድ ግራ እጅ በትናንሾቹ በተኖች ቤዝና ኮርድ ይይዛል።

አኮርዲዮን ከተነሣ ኃይሉ መርጊያ አብሮ ይነሣል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሞግ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይዞ አንድ ካሴት ብቻውን ሠራ። ማጀቢያውንም ዜማውንም አንድ ሰው እየደራረበ ቀረጸው። ስቱዲዮ ውስጥ ተራ በተራ የሚሆነውን በሰርግ ዳስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ማድረግ ሲያስፈልግ ነው የስፕሊት ጥቅም የሚታየው።

ውስጡ እንዴት ይሠራል?

ዲጂታል ፒያኖ ክር የለውም። ቁልፍ ሲነካ የትኛው ቁልፍ በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ተመዝግቦ፣ ከማስታወሻው ውስጥ ቀድሞ የተቀረጸው ወይም በስሌት የሚፈጠረው ድምፅ ይወጣል። በ1983 እ.ኤ.አ. መሣሪያዎችን ለማግባባት በወጣው ሚዲ በተባለው ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር አለው፤ መካከለኛው ዶ 60 ነው። ወሰኑ እዚያ ላይ ከተተከለ ሥራው አጭር ጥያቄ ብቻ ይሆናል፦ የተነካው ቁልፍ ቁጥር ከ60 በታች ነው? አዎ ከሆነ ቤዙ ይሰማል፣ ካልሆነ ማሲንቆው።

በብዛት የሚታየው ኪቦርድ 61 ቁልፎች አሉት። መካከለኛው ዶ ላይ ሲከፈል ለግራ እጅ 24፣ ለቀኝ እጅ 37 ቁልፍ ይደርሳል። ይህ ክፍፍል ሌላ ጉዳይ ያስከትላል። የ61 ቁልፉ ኪቦርድ የመጨረሻው ወፍራም ዶ በሰከንድ 65 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ግን 41 ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ የግራውን ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ካላደረጉት ቤዙ ከእውነተኛው ቦታው በላይ ይንሳፈፋል። ዋሽንት በቀኝ ከተመረጠ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ወሰኑን ማዛወር፣ የየእጁን ኦክታቭ ማስተካከልና የሁለቱን ድምፅ መጠን ማመጣጠን ከመድረክ በፊት የሚያልቁ ሦስት ሥራዎች ናቸው።

ቅኝቱ ሲመጣ

ወሎ ላይ የሚጫወት ኪቦርዲስት ግራ እጁን ከቅኝት ጋር ማስማማት ግዴታው ነው። ከአራቱ ቅኝቶች የሁለቱ ስም፣ አምባሰልና ባቲ፣ የዚሁ የወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ በስተምሥራቅ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ግራ እጅ ስድስተኛ ድምፅ ቢያስገባ የቀኙ ዜማ ምንም ያህል ቢያምር ቅኝቱ ይፈርሳል።

ከዶ ብንነሣ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ይሆናል። በሁለቱም ላይ ዶ፣ ሚ፣ ሶል የሚለው የተለመደው ኮርድ አይጋጭም፣ ሦስቱም ድምፆች የቅኝቱ ናቸው። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ሚ የለበትም። ያንኑ ኮርድ በአምባሰል ላይ የመታ ሰው ባዕድ ድምፅ አስገባ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግራ እጅ ዶና ሶልን ብቻ ቢይዝ ይበቃል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ ይህም አያዋጣም፤ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ስለሆኑ ሙሉው ሶል ከቅኝቱ ውጭ ነው። ግራ እጅ ዶን አጥብቆ ቢይዝና ዜማውን ለቀኙ ቢተው ይሻላል።

ስታይል የሚባለው የኪቦርዱ አጃቢ ብዙዎችን የሚያሳስተው በዚህ ነው። ግራ እጅ አንድ ኮርድ ሲጠቁመው ቤዙንም ጊታሩንም በአውሮፓው ኮርድ ልማድ ይሞላዋል፣ ቅኝቱንም አይጠይቅም። በስፕሊት ግን የሚሰማው ተጫዋቹ ራሱ የመታው ድምፅ ብቻ ነው። ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ስፕሊትን የምመርጠው ለዚህ ነው። ግራ እጅ ቅኝቱን ሳያፈርስ ማጀብ መቻሉን እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኗቸው አሳይተውናል፤ እሳቸው ሁለቱንም እጅ በአንድ ድምፅ አጫወቱ፣ ትምህርቱ ግን ለሁለት ድምፅም ይሠራል።

መሣሪያው የማይሰጠው

ስፕሊት ድምፁን ይሰጣል፤ የመሣሪያውን ጠባይ ማምጣት የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ማሲንቆ አንድ ክር ነው፤ ስለዚህ በማሲንቆ ድምፅ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ የሚጫን ቀኝ እጅ ማሲንቆነቱን ያጠፋዋል። ዋሽንት በትንፋሽ ነው፤ ነፊው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ በኪቦርዱም ላይ ባዶ መተው አለበት። ክራር ተመትቶ የሚከስም ድምፅ ስላለው ጣት ቁልፉ ላይ ቢቆይም ዜማውን የሚያራምደው አዲስ ምት ነው።

የማሲንቆን ማንሸራተት ለማስመሰል የሚረዳው ፒች ቤንድ ደግሞ በአብዛኛው በኪቦርዱ ግራ ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ግራ እጅ ግን በቤዝ ተይዟል። ጠንቃቃ ተጫዋች ቤዙን በምቱ ላይ ብቻ አሳርፎ በመሐል እጁን ወደ ፒች ቤንዱ ይልካል፤ ፒች ቤንዱ ቤዙንም አብሮ እንዳያንሸራትት ለቀኙ ብቻ እንዲሠራ ቀድሞ ያስተካክለዋል። ሰስቴይን ፔዳልም እንደዚሁ ነው። ለሁለቱም ድምፅ ከተተወ የቤዙ ኖታዎች እርስ በርስ ይደራረቡና ምቱ ይደበዝዛል፤ ብዙ መሣሪያዎች ፔዳሉን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት ያስችላሉ።

ለመጀመር አቋራጩ መንገድ ግራ እጅን ለብቻው ማለማመድ ነው። መጀመሪያ በትዝታ፣ ቀጥሎ በባቲ፣ ከዚያ በአምባሰል፣ በመጨረሻ በአንቺሆዬ የግራውን ቤዝ ያለ ቀኝ እጅ እየመቱ ዜማውን በአፍ ማንጎራጎር ይበጃል። ቤዙ ሳይሰናከል ዜማው በአፍ ከወጣ ቀኝ እጅ የሚቀረው የአፍን ሥራ መረከብ ብቻ ነው። ይህ ልምምድ ውድ ኪቦርድ አይጠይቅም፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩት ትናንሾቹም መብራት በጠፋበት ምሽት ያገለግላሉ። በየሰርጉ የሚጫወቱ ወጣቶች ይህን ቢያደርጉ አንድ ኪቦርድ ይዘው አምባሰልን አምባሰል አድርገው ማሰማት ይችላሉ። ቅኝቱን ለዓለም የሰጠ አገርም በራሱ ሰርግ ላይ ከዚህ ያነሰ ሊሰማ አይገባውም።