ሥራ የሚበዛባት እናት ጤንነቷን በእግሯ እንዴት ትጠብቃለች?

(ከማታው ትምህርት ክፍል፥ ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ)



የመጽሔታችን አዘጋጆች ከማታው ተማሪዎችም አንድ ጽሑፍ እንዲቀርብ በጠየቁ ጊዜ፥ የክፍል ጓደኞቼ በአንድ ድምፅ «እርስዎ ስለ ሩጫዎ ይጻፉ» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። ነገር ግን አስቀድሜ ለመግለጽ የምወደው ሯጭ አለመሆኔን ነው። ዕድሜዬ 41 ዓመት ነው፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ቀን ልብስ እሰፋለሁ፤ ማታ እማራለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ በዚሁ ትምህርት ቤት የቀን ተማሪ ስለሆነች፥ እርሷ ከቤተ መጻሕፍት ስትወጣ እኔ ወደ ክፍል ስገባ በበሩ ላይ የምንገናኝባቸው ቀኖች አሉ። እንግዲህ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የአሠልጣኝ ትምህርት አይደለም። ጊዜ የሌላት አንዲት እናት በመራመድና በመሮጥ ጤንነቷን ለመጠበቅ ያደረገችው ሙከራና ከሙከራው የተረዳችው ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደረጃ ላይ ነው። የማታው ክፍላችን በሦስተኛው ፎቅ ላይ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አምና በመስከረም ወር፥ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ትምህርት በተመለስሁ በመጀመሪያው ሳምንት፥ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሽ አጠረኝና ደብተሬን አቅፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ልጆቼ የሚሆኑ ተማሪዎች «እናቴ፥ ውሃ እናምጣ?» እያሉ ባጠገቤ አለፉ። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄጄ ብታይ የደም ግፊቴ 148 በ94 ሆኖ ተገኘ። በሌላም ቀን ሁለት ጊዜ ተለካሁ፤ ቁጥሩ ግን አልወረደም።

ይህ ቁጥር ለምን እንዳስደነገጠኝ ልንገራችሁ። የ16 ዓመት ልጅና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴን ደም ግፊት ጣላት። ግማሽ ሰውነቷ አልታዘዝ ብሎ ስድስት ዓመት በአልጋ ላይ ቆየች። የበኵር ልጅ እኔ ስለነበርሁ ትምህርቴን ትቼ እርሷን ማገላበጥና ማጠብ፥ ማጉረስም የእኔ ሥራ ሆነ። በማድረጌ አንድ ቀን እንኳ አልተጸጸትሁም። ነገር ግን ነርሷ ቁጥሩን ስትነግረኝ በዓይኔ የታየችኝ እናቴ አይደለችም፤ የራሴ ልጅ ናት። ደብተሯን ዘግታ በእኔ አልጋ አጠገብ ስትቀመጥ ታየችኝ።

ሐኪሙም እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ትንፋሽ ማጠሩ ከመቀመጥ ብዛት የመጣ የሰውነት ስንፍና ነው፤ ግፊቱ ግን ሳያሳምም ለዓመታት የሚኖር ስለሆነ ከዚያ ይልቅ ያሠጋል። «ጨው ይቀንሱ፤ በየቀኑ ይራመዱ፤ በሦስት ወር ካልወረደ መድኃኒት እንጀምራለን» አለኝ። እኔም «ዶክተር፥ ለመራመድ ጊዜ ከየት አመጣለሁ?» ብዬ ወጣሁ።

አሁን መራመድ ለሰውነት ምን እንደሚያደርግ ጥቂት ልግለጽ። ልብ ጡንቻ ናት። ወፍጮ የምትፈጭ ሴት ክንዷ በሥራ ብዛት እንደሚጠነክር፥ ልብም በሥራ ትጠነክራለች። የጠነከረች ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለምትገፋ በዕረፍት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልጋትም። የደም ሥሮችም ዘወትር ከሚሠራ ሰውነት ጋር ስለሚለማመዱ ይለሰልሳሉ፤ ስለዚህ ደም የሚገፋቸው ኃይል ዝቅ ይላል። እንደዚሁም የእግራችን ጡንቻዎች ትልልቆች ስለሆኑ በተራመድን ጊዜ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀሙበታል። እንቅልፍ መልካም ይሆናል፤ ሐሳብም ይቀላል።

መጠኑስ ስንት ነው? የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ ለዐዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ደቂቃ ሩጫ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጣን እርምጃ እንደሚሆን ነው። ከሁሉም ይልቅ እኔን ደስ ያሰኘኝ፥ አጭርም ቢሆን ማናቸውም እንቅስቃሴ የሚቈጠር መሆኑ ነው። አምስት ደቂቃም ከምንም ይሻላል።

ከሐኪሙ ዘንድ ከወጣሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት የማደርገውን ሁሉ በደብተር ላይ ከነሰዓቱ ጻፍሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሣለሁ፤ ቁርስና የምሳ ዕቃ አዘጋጃለሁ፤ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። እግሬ ቀኑን ሙሉ መኪናውን ሲረግጥ ይውላል፤ እኔ ግን ከወንበሬ አልነቃነቅም። ከዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም ቤት። በእርግጥ ባዶ ሰዓት አልተገኘም። የተገኘው ሌላ ነገር ነው። ከሥራ ወደ ትምህርት ቤት ለመምጣት በየቀኑ በታክሲ ሰልፍ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ያህል እቆም ነበር። መንገዱን በእግሬ ብመጣው ግን 25 ደቂቃ ነበር! ለካ ጊዜዬን ስፈልገው የነበረው ቆሜበት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰልፉን ትቼ በእግሬ መጣሁ። በሳምንት አምስት ቀን 25 ደቂቃ 125 ይሆናል፤ እሑድ ጧት ግማሽ ሰዓት ስጨምርበት 155 ሆነ። ልጆቼ ከእኔ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልጐደለባቸውም። ስለዚህ እናንተም እናቶች ጊዜ ከመፈለጋችሁ በፊት የምትቆሙበትን ስፍራ ፈልጉ ብዬ እመክራለሁ።

አረማመዱም ዘዴ አለው። እየተንሸራሸሩ መሄድ መልካም ቢሆንም፥ ልብን የሚያሠራው ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሄዳችሁ መነጋገር ከቻላችሁ፥ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ ካነሳችሁ፥ ልኩ ያ ነው። ሁለት ቃል ለመናገር ካቃታችሁ ሩጫ ሆኗል ማለት ነው። ደብተርና ዕቃ በአንድ ትከሻ መሸከም ወገብን ስለሚያሳምም በሁለት ትከሻ የሚታዘል ቦርሳ ይሻላል። ጫማ ውድ መሆን የለበትም፤ ነገር ግን ጣትን የማይጨብጥ፥ ተረከዝን የሚይዝ፥ ሶሉ ያልጠነከረ ይሁን።

ሩጫውን የጨመርሁት ከሦስት ወር በኋላ ነው። የጀመርሁትም በስሕተት ነበር። ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን አቀበት ነው። በመጀመሪያው ጧት ወጣቶች ሲሮጡ አይቼ፥ ከእነርሱ ላለማነስ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ተከተልኋቸው። ውጤቱም የሁለት ሳምንት የጉልበት ሕመም ሆነ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ለጀማሪ ሜዳውም ዳገት ነው። ጉልበቴ ሲሻለኝ በደልዳላ መንገድ እንደገና ጀመርሁ፤ ይኸውም አንድ ደቂቃ በዝግታ መሮጥ፥ ሁለት ደቂቃ መራመድ፥ ይህንም ስምንት ጊዜ መደጋገም ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሩጫውን ጊዜ በጥቂቱ ጨመርሁ። በአራተኛው ወር ሳላቋርጥ 20 ደቂቃ ሮጥሁ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እውነት ነው። አሁን በሳምንት ሦስት ጧት፥ ሲነጋጋ፥ እሮጣለሁ።

ከጉልበት ሕመም ይልቅ የከበደኝ ግን ኀፍረት ነበር። በእኛ አገር እናት የሆነች ሴት በማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ ስትሮጥ ከታየች ለመርዶ ነው። አንድ ጧት አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከደጃቸው ብድግ ብለው «ኧረ ልጄ፥ ማን ሞተ?» አሉኝ። «እማማ፥ ማንም አልሞተም፤ እንዳልሞት ነው የምሮጠው» አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ሩጪ» ብለው መርቀውኝ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የሰው ዓይን ቀለለኝ። ከሳምንታት በኋላም አንዲት እንጀራ የምትሸጥ ጎረቤቴ «እኔንም ጥሪኝ» አለችና ሁለት ሆንን።

ብዙዎች የሚጠይቁኝ «ፍላጎቱን ከየት ያመጡታል?» እያሉ ነው። እኔም ቀድሞ ፍላጎት ሲመጣ ሰው ይነሣል ብዬ አስብ ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ እግር ይቀድማል፥ ፍላጎት ይከተላል። ደክሞኝ በምነሣበት ጧት ለራሴ የምለው «እስከ ወፍጮ ቤቱ ብቻ» ነው። ወፍጮ ቤቱ ከደረስሁ በኋላ የተመለስሁባቸው ጧቶች ጥቂቶች ናቸው። ሁለተኛው ረዳቴ ቀጠሮ ነው። ጎረቤቴ በብርድ ቆማ እንደምትጠብቀኝ ባወቅሁ ጊዜ ብርድ ልብሱ አይይዘኝም። ሦስተኛው ኖራ ነው፤ የሄድሁበትን ቀን ከበሩ በስተጀርባ በኖራ እሠምራለሁ፤ ትንሹ ልጄም ይቈጥርልኛል።

ሁሉም ቀና ሆኖ አልሄደም። ዘንድሮ በጥር ወር ትንሹ ልጄ ታመመ፤ ፈተናም ደረሰ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም መሥመር አልተሠመረም። «በቃ፥ ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ሴት ልጄ ኖራውን አምጥታ በእጄ ላይ አኖረችና «እማዬ፥ አንድ ፈተና ብወድቅ ትምህርቴን ተይ ትይኛለሽ?» አለችኝ። በማግሥቱ ወጣሁ። ካቋረጡ በኋላ ሲመለሱ ካቆሙበት ሳይሆን ወደ ኋላ ተመልሶ በግማሹ መጀመር እንደሚገባም ያን ጊዜ ተማርሁ።

ስለ እናትነትና ስለ ሩጫ ሲነሣ የደራርቱ ቱሉን ስም አለማንሣት አይቻልም። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ተሸላሚ ሆነች። ከዚያም ልጅ ወለደች። ወልዳ ከተነሣች በኋላ በ1993 ዓ.ም. በመስከረም ወር በሲድኒ ያንኑ ርቀት ዳግመኛ አሸነፈች። በ2002 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የኒው ዮርክን ማራቶን ስታሸንፍ የ37 ዓመት እናት ነበረች። እኔ ሜዳልያ አልጠብቅም፤ ነገር ግን «ከወለድሁ በኋላ ሰውነቴ አበቃለት» የምትል እናት ሁሉ ይህን ታስብ ዘንድ እወዳለሁ።

እንግዲህ ጥንቃቄውንም ሳልገልጽ ብቀር በደል ነው። ሐኪም የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ያዘዘለት ሰው መራመድ ጀመርሁ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ መተው የለበትም። ደረቱን የሚያፍነው፥ ራሱን የሚያዞረው ወይም ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታ ሰው ወዲያው ቆሞ መታየት አለበት። ወልዳ የተነሣች እናት በመራመድ ትጀምር፤ ሩጫውን ግን ቢያንስ ሦስት ወር አቆይታ፥ ሐኪም አማክራ ብትጀምር ይሻላል። በጾም ወራት እኔ ሩጫውን ቀንሼ እራመዳለሁ። ደግሞም በጨለማ ብቻን መውጣት አይገባም፤ ውሻም አለ፥ መኪናም አለ፤ ሳይነጋጋ ከበር አልወጣም።

አሁን ለአባቶችና ለልጆች አንድ ቃል ልጨምር። የእኔ ሩጫ የእኔ ብቻ አይደለም። በእነዚያ ሦስት ጧቶች የምሳ ዕቃውን የሚቋጥረው ባለቤቴ ነው፤ ሻይ የምታፈላው ሴት ልጄ ናት። በመጀመሪያ አጉረምርመው ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱት። ውድ የክፍል ጓደኞቼ፥ እናቶቻችሁ አንድ ቀን «ልራመድ ነው» ብለው ቢነሡ «ቁርስስ?» ብላችሁ አታስቀምጧቸው። እናንተ በተማራችሁበት ሰዓት ሁሉ እነርሱ ተቀምጠው እየጠበቋችሁ ነው።

ውጤቱን ለማወቅ የምትሹ ትኖራላችሁ። በሦስተኛው ወር ግፊቴ 138 በ88፥ ባለፈው ወር ደግሞ 128 በ82 ሆኖ ተገኘ። የዚህ ሁሉ ምክንያት እግሬ ብቻ ነው አልልም፤ የወጡንም ጨው ቀንሻለሁ። እስካሁን መድኃኒት አልጀመርሁም፤ ነገ ቢያስፈልገኝ እጀምራለሁ፤ ሐኪሙም በየሦስት ወሩ ይለካኛል። ከቁጥሩ ይልቅ የማምነው ግን ደረጃውን ነው። ደረጃው እንደ ቀድሞው ነው፤ አንዲት ድንጋይ አልተነሣለትም። እኔ ግን ባለፈው ሳምንት ለፈተና ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ሳላርፍ ወጣሁ። መምህራችን ወረቀቱን ከማደላቸው በፊት ትንፋሼ ተመልሶ፥ እስክሪብቶዬን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር።

ለሁላችሁም ጤንነትንና ብርቱ እግርን እመኛለሁ።